ባዶ የማይመለስ ሳህን

ማክሰኞ፣ ጥር 1

ናይሮቢ ውስጥ ከቤቴ ከሳውዝ ሲ ተነስቼ ኢምባካሲ ቢሮዬ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሞምባሳ ሮድ ዛሬም ቆሞ ነበር። ማታቱው፣ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ዶሮ ታቅፈዋል። ዶሮዋም እንደኔ ሥራ የረፈደባት ይመስል አንገቷን ወደ መስኮቱ ትሰግጋለች። ቢሮ የገባሁት ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ማንም አላየኝም።

ቀኑ ግን የደስታ ቀን ነው። የድርጅታችን የጭነት መከታተያ ገጽ ዛሬ አበባ ወደ ውጭ ለምንጭንላቸው እርሻዎች በሙሉ ተከፈተ። ሰባት ወር የለፋሁበት! የእርሻው ሰው አበባው በሚለማበት ናይቫሻ ቁጭ ብሎ የጭነቱን ቁጥር ይጽፋል፣ አበባው የት እንደደረሰ ያያል። ስልክ መደወል ቀረ።

አንዷን ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተልኳት። በሩ ላይ ያለው ዌብ ሰርቨር ተቀበላት፣ ወደ ውስጥ ለአፕሊኬሽን ሰርቨሩ አቀበላት። እዚያ ሃምሳ ትሬድ ሥራ ይጠብቃል። ትሬድ ማለት ሠራተኛ ነው በቃ፤ አንድ ጥያቄ ይይዛል፣ ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። የኔን ፕሮግራም ያስኬዳል፣ መረጃው ከተከማቸበት ዳታቤዝ ጋር ከሚያገናኙት ሃያ ኮኔክሽኖች አንዱን ይዋሳል፣ ይጠይቃል፣ የተዋሰውን ይመልሳል፣ መልሱን ለሰውዬው ይልካል፣ ተመልሶ ቦታው ይቆማል። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም! ብቻዬን ስስቅ ፊሊጶስ አየኝ።

"ጽጌ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሪኩዌስት" አለ።

ሰርቨሮቹን የሚይዘው እሱ ነው። የኛው ልጅ ነው፣ ግን እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ። አማርኛው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ታጅቦ ነው የሚመጣው።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ እትዬ ኩለሱም ሳህን ይዘው ጠበቁኝ። ኢስሊ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ሥጋ ቢልኩልኝ እንደማልበላ ስለሚያውቁ ሁልጊዜ የምስር ሳምቡሳ ነው። አምስቱንም በላሁ። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነውን ሳህን አጥቤ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስ... ቅዳሜ ዳቦ ልጋግር።

ሐሙስ፣ ጥር 3

ቆመ! አራት ሰዓት ላይ። ገጹ ነጭ ሆኖ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ስህተት አለ አይልም፣ መልስም አይሰጥም። ከእርሻዎቹ ስልክ በስልክ ሆንን። ፊሊጶስ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው።

"ባሲ! አልቋል" አለ።

አላለቀም መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 7

ዛሬ ሦስት ጊዜ። ሁሉም ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ምንም አይሆንም... ለምን?

ሚስተር ሙቲንዳ አስጠሩኝ። ኃላፊያችን ናቸው። ሚስ ሮዝ ነው የሚሉኝ፤ ጽጌረዳ ማለት አቅቷቸው ትርጉሙን ብነግራቸው በዚያው ቀረ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

"ሚስ ሮዝ፣ የፍቅረኞች ቀን ሲደርስ ይህች አገር የዓመቱን አበባ በአንድ ሳምንት የምትጭን ነው የሚመስለው።" ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የውል ወረቀት በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። አንድ የውጭ ድርጅት ያለቀለት ሲስተም ሊሸጥልን ይፈልጋል። "በአበባው ሳምንት ሰርቨሩ አንዴ ከቆመ እፈርማለሁ።"

ከፈረሙ እኔ ለምን እፈለጋለሁ? የሥራ ፈቃዴ መጋቢት ላይ ያልቃል፤ እንዲታደስ ደብዳቤ የሚጽፉልኝ ለዚህ ሲስተም ብለው ነው። ሲስተሙ ከሌለ ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ ከሌለ ሻንጣ።

ሦስት ሳምንት አለኝ። መፍራት ነበረብኝ... ግን እውነቱን ልጻፍ፣ ጓጓሁ! የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተደብቋል። እኔ ነኝ የማገኘው።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

ትሬዶቹን ከሃምሳ ሁለት መቶ አደረስናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ረፋዱን ሁሉ ሲከፈት ዋለ። ከፊሊጶስ ጋር እጅ ተማታን። ተገላገልን!

ረቡዕ፣ ጥር 9

አልተገላገልንም። የመጀመሪያው ገጽ ይከፈታል፤ ቁጥር ጽፈው ሲፈልጉ ግን ያው ነው። ነጭ።

ምሳ ሁርሊንግሃም ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄድን፣ በያይነቱ ልንበላ። ሰው ከበሩ ወጥቶ ቆሟል። አስተናጋጆቹን ቆጠርኩ፤ ስምንት። ስምንቱም ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ምን ሆነው ነው? ትሪ አልቋል! ምግቡ ተሠርቷል፣ የሚቀርብበት የለም።

"ፊሊ፣ እዚህ አስተናጋጅ ቢጨምሩ ምን ይጠቅማል?"

"ናቲንግ" አለ፣ አፉ በምግብ ተሞልቶ። ከዚያ ማኘኩን አቆመ። "ዌይት... ትሬዶቹ ምን እየጠበቁ ነው?"

እሱን ነው ያላየነው። ቆጠርናቸው እንጂ ምን እንደሚጠብቁ አልጠየቅናቸውም።

ዓርብ፣ ጥር 11

ጥምቀት። እኔን ሥራ አስገቡኝ። ሰርቨሩ ግን ሁለት ጊዜ አረፈ።

ቅዳሜ፣ ጥር 12

አገኘን! ማለት... ግማሹን።

ትናንት ሲቆም ፊሊጶስ ከማጥፋቱ በፊት እያንዳንዱ ትሬድ የት እንደቆመ የሚያሳየውን ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ዛሬ መሬት ላይ ዘርግተን በእርሳስ ምልክት እያደረግን አነበብነው። መቶ ሰባ ሦስት ትሬድ አንድ መስመር ላይ! ሁሉም የሚጠብቀው ኮኔክሽን ነው። ሃያዎቹ ተወስደው አልቀዋል። ዳታቤዙን ብናየው ደግሞ ሃያዎቹም ሥራ ፈትተው ተኝተዋል። ሰው ተውሷቸው፣ ተጠቅሞባቸው፣ ሳይመልስ ሄዷል።

ማን?

ፕሮግራሜን ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ቁልጭ ብሎ አለ፦ ኮኔክሽኑን መልስ። በገዛ እጄ የጻፍኩት። ፊሊጶስም አየው። "ሳዋ፣ እሺ፣ መስመሩ አለ" አለ።

እንግዲህ ከኔ ካልሆነ ኮኔክሽኖቹን ከሚያስተዳድረው ከሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩን ያዘጋጀው ደግሞ... 

ዳቦም አልጋገርኩ። ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 14

ሚስተር ሙቲንዳ "ምን አገኛችሁ?" አሉ። "ፕሮግራሙ ደህና ነው። ሰርቨሩ የተዘጋጀበት መንገድ ይመስለኛል" አልኩ። 

"ያዘጋጀው ማን ነው?"

ያውቃሉ እኮ። ከኔ አፍ ሊሰሙት ነው። "ፊሊጶስ" አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። የመሰለኝን ነው የተናገርኩት። ታዲያ ምሳ ለምን አልወረደልኝም?

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ፊሊጶስን ከሰርቨሩ አነሱት። መጋዘን ወርዶ ፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ያላቅቃል። ከውጭ ባለሙያ እስኪመጣ አሉ።

ደረጃ ላይ ተገናኘን።

"ዩ ቱልድ ሂም ኢትስ ሚ?"

"ፊሊ፣ እኔ እንደዚህ ያደርጋሉ ብዬ..."

"መሬት ላይ ቁጭ ብለን አብረን ነው ያነበብነው፣ ጽጌ። ለኔ መጀመሪያ መንገር አይቻልም ነበር?" ይህን ሲለኝ ምንም እንግሊዝኛ አልቀላቀለበትም። በንጹህ አማርኛ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 16

የዛሬው ብዙ ነው። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለበለዚያ እዘባርቃለሁ።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ኩለሱም።

"ጽጌ ልጄ፣ ሳህኔን።"

አፈርኩ። "ውይ እትዬ፣ ዳቦ ልጋግር ብዬ እኮ ነው። ባዶውን እንዴት ልስጥዎት?"

"ባዶውን ስጪኝ! ከሞያሌ እንግዳ መጥቶብኝ የማቀርብበት አጥቻለሁ። ሰባት ሳህን ነበረኝ። ቤቱ የሞላለት ሞልቶ መልሷል፤ ያልሞላለት ግን ባዶ አልመልስም ብሎ ይዞብኛል። አንድ በአንድ አልቆብኝ ዛሬ በድስት ክዳን ላቀርብ ነው እንዴ?"

"ነውር ይሆናል ብዬ ነው እኮ..."

"ነውሩ ሌላ ሰው እየጠበቀ መያዝሽ ነው። በይ አምጪ።"

ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ። በሩን ዘጋሁና እዚያው ቆምኩ። የሞላለት መለሰ። ባዶ የሆነበት ያዘ... ባዶ የሆነበት...

ፕሮግራሙ ታትሞ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። የመጨረሻውን መስመር ተውኩና ከላይ ጀመርኩ። ኮኔክሽን ተዋስ። ቁጥሩን ፈልግ። ካልተገኘ "አልተገኘም" በልና ውጣ።

ውጣ! እዚያው መሃል ላይ! መልስ የሚለው ታች ነው፤ እዚያ የሚደርሰው የሆነ ነገር ያገኘ ብቻ ነው። ባዶውን የወጣ ኮኔክሽኑን እንደያዘ ይቀራል!

ጮህኩ። ብቻዬን። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ አላቆም አለኝ። ስሞክረው የነበረው ሁልጊዜ በተመዘገበ ቁጥር ነው። የሌለ ቁጥር ማን ይፈልጋል ብዬ... የእርሻ ሰዎች ናቸዋ! መኪናቸው ናይቫሻን ሳይለቅ መፈለግ ይጀምራሉ። እኛ የምንመዘግበው ደርሶ ሲራገፍ፣ አምስት ሰዓት አካባቢ። እስከዚያ አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም። ሃያ "አልተገኘም" በቂ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚቆመው ለዚህ ነው!

ሳቄ ያለቀው ፊሊጶስ ትዝ ሲለኝ ነው።

የኔ ነው። የሰርቨሩ አይደለም፣ የሱ አይደለም። የኔ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ነበርኩ። መሞከሪያው ሰርቨር ላይ የሌለ ቁጥር ጻፍኩ። አልተገኘም። አንድ። ሁለት።  አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ... ሃያ አንደኛው ነጭ ሆነ። አቤት ደስታዬ! ሰው በገዛ ጥፋቱ እንዲህ ይደሰታል?

ኮኔክሽኑን የሚመልሰውን መስመር አወጣሁና ምንም ይሁን ምን በስተመጨረሻ የግድ የሚፈጸመው ክፍል ውስጥ አስገባሁት። ቢገኝም፣ ባይገኝም፣ መሃል ላይ ስህተት ቢፈጠርም። አራት መስመር ነው ያስተካከልኩት። ከዚያ አንድ መቶ የሌለ ቁጥር ፈለግሁ። መቶውም መልስ አገኘ፤ ወደ ዋናው ሰርቨር አሻገርኩት።

አሁን አንድ ነገር መጣብኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? "ሰርቨሩን አስተካከልኩ" ብል ፈቃዴም ይታደሳል፣ ስሜም ያምራል። ይቺን ሐሳብ ምን ያህል እንደያዝኳት አልጽፍም። መጋዘን ድረስ ያለውን ደረጃ ያህል ነው።

ፊሊጶስ ፕሪንተር ፈትቶ እጁ በቀለም ጠቁሯል።

"የኔ ነው" አልኩት። "ቁጥሩ ካልተገኘ ኮኔክሽኑን አልመልስም ነበር።"

ወረቀቱን ተቀበለኝ። በጥቁር ጣቱ መስመሩን እየተከተለ አነበበ። "ባዶ ሲሆን" አለ።  ወረቀቱን መለሰልኝና ወደ ፕሪንተሩ ዞረ።

ዓርብ፣ ጥር 18

ለሚስተር ሙቲንዳ ነገርኳቸው። ቆሜ። ሰኞ የተናገርኩት ስህተት ነው፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፣ ፕሮግራሙ የኔ ነው፣ ፊሊጶስ ምንም አላደረገም አልኩ።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ይሄን ሳትነግሪኝ ማስተካከል ትችይ ነበር።"

"እችል ነበር፣ ሰር።"

"ፊሊጶስ ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ወረቀቱ ግን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚቆየው፣ ሚስ ሮዝ። የአበባውን ሳምንት እናያለን።"

 እንደወጣሁ ምሳዬን ሁለት ሰው የሚያጠግብ በላሁ።

ሰኞ፣ ጥር 21

ከሐሙስ ጀምሮ አንዴም አልቆመም።

ፊሊጶስ ተመልሷል። ያናግረኛል፣ ግን ስለ ሰርቨር ብቻ። "ሳዋ።" "ሲ ሳዋ።" ደህና ነው፣ ደህና አይደለም፣ በቃ። እትዬ ኩለሱም እንግዶቻቸውን ሸኝተው በዚያው በባለ ሰማያዊ ጠርዙ ሳህን ሳምቡሳ ላኩልኝ። የነነዌ ጾም ነው፣ ሳምቡሳው የምስር ነው፣ እሱም ይጾማል... ይዤለት ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ይቅርታ አልኩት። ማሳመሪያ ሳልጨምርበት፣ "በድዬሃለሁ" ብዬ።

"አሳንቴ" ብሎ አመሰገነኝ። ሳህኑን ወስዶ ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው።

ሰኞ፣ ጥር 28

የአበባው ሳምንት ገባ። ሰርቨሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው። ሳህኑ የፊሊጶስ ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ ባዶውን። ምነው አይመልስልኝ? እትዬ ኩለሱም ዛሬ ጠየቁኝ። "ሰው ጋ ነው" አልኩ። ራሴ ከመያዝ አልፌ ለሌላ ሰው አሳለፍኩት!

ዓርብ፣ የካቲት 2

ይሄን ቀን እስካረጅ አልረሳውም።

ከአንድ ሰዓት ጀምሮ መኪናው በመኪና ላይ። ግቢው ጽጌረዳ፣ ጽጌረዳ ይሸታል። ፊሊጶስ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የምናየው፤ ከሃያው ኮኔክሽን ስንቱ ተይዟል? ሦስት። አምስት። አራት። አራት ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ። እርሻው ሁሉ ተነሳ! አሥራ አራት። አሥራ ሰባት።

"ኢትስ ክላይሚንግ" አለ ፊሊጶስ።

ሚስተር ሙቲንዳ ገብተው ከኋላችን ቆሙ።  ሽቷቸው ነው የነገረኝ።

አሥራ ዘጠኝ።

ሃያ።

ሙሉ ነው። አንድ ጥያቄ መጣና ቆመ። ኮኔክሽን የለም፣ ይጠብቃል። ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛ።  "መልሱ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። "መልሱ! ሰው ይጠብቃል!"

አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። አሥራ ስምንት።

መለሱ! የጠበቁት ሦስቱም አለፉ። ባዶ የወጣውም፣ ያገኘውም፣ ሁሉም እየመለሰ ነው የሚሄደው። አሥራ ሦስት። ዘጠኝ። ፊሊጶስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና "ዬስ! ዬስ! ጽጌ፣ ኢሜሩዲ፣ ተመልሷል!" እያለ ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝ። ከዚያ ያኮረፈኝ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ተቀመጠ።

ዞር ስል ሚስተር ሙቲንዳ ወጥተዋል።

ሰኞ፣ የካቲት 5

አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀቱ የለም።

"የፈቃድ ደብዳቤሽን ሐሙስ መጥተሽ ውሰጂ" አሉ። "ለሁለት ዓመት።" ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ጽጌ...ረዳ" አሉ። ሊሉት ሲታገሉ ግንባራቸው ተጨማደደ። "ልክ ነኝ?"

ልክ አልነበሩም። "ልክ ነዎት" አልኳቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ሞምባሳ ሮድ እንደልማዱ ቆሟል። አንድ ሰዓት ከሩብ።

አበባው ሁሉ ሄዷል። ግቢው ጭር ብሎ ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን ብቻ ቀርቷል። የመከታተያውን ቁጥር ከልማድ አየሁት፤ ሁለት። አንድ። ሁለት።

ምሳ ሰዓት ላይ ፊሊጶስ መጣ። ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ታጥቧል። ሰማያዊው ጠርዝ ያብረቀርቃል።

"ባዶ ነው" አለ። አንገቱን ያካል። "ማማ 'ባዶ ሳህን ትመልሳለህ?' ብላ ጮኸችብኝ። የሆነ ነገር እስክትሠራልኝ ስጠብቅ ቱ ዊክስ አለፈ..." ዓይኑን ከሳህኑ አነሳ። "ተናድጄም ነበር ደግሞ። ባዶ የሆንኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ትናንት ግን 'ሰው ይጠብቃል' አልኳት።"

"ሳዋ?" አልኩት።

"ሳዋ፣ ጽጌ።"

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ከደስታ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከሥራ እንደገባሁ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ የእትዬ ኩለሱምን በር አንኳኳሁ። ሳህኑን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ሲያዩት ሳቃቸው መጣ።

"ባዶውን?"

"ባዶውን፣ እትዬ።"

"አልሐምዱሊላህ! አንድ ሰው ተማረ" አሉና ይዘውት ወደ ውስጥ ገቡ። በሩን ክፍት ትተውት ነው የገቡት። ከውስጥ ሳምቡሳ የሚጠበስበት ዘይት ድምፅ ይሰማ ነበር፣ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ።